«አንቺ ማን ነሽ?»፦ ይድረስ ለፕሮፌሰር ቻርልስ ቴይለር

ለክቡር ፕሮፌሰር ቻርልስ ቴይለር
ሞንትሪያል

 

እኔን አያውቁኝም። ደሴ ተወልጄ ያደግሁ፣ ዛሬ ቶሮንቶ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ፈረቃ የምሠራ ነርስ ነኝ። ፈላስፋው እርስዎ ነዎት፤ እኔ ፍልስፍና ተምሬ አላውቅም። ደብዳቤውን በአማርኛ የምጽፍልዎ መጽሐፍዎን በእንግሊዝኛ ባነበውም የገባኝ በአማርኛ ስለሆነ ነው። ምስጋናም አፍ በፈታንበት ቋንቋ ሲወጣ ከልብ ይወጣል። ደግሞም የአገሬ ልጆች አብረው ቢያነቡትና ስለ እርስዎ ቢሰሙ ደስ ይለኛል።

ስለ ሥራዬ ልንገርዎ። ፈረቃ ስረከብ አንድ ታብሌት ይሰጠኛል። በላዩ የ22 አረጋውያን ስም ተደርድሯል፤ በየስሙ ሥር የሚሠራው ሥራና የተመደበለት ደቂቃ አለ። ልብስ ለመቀየር ይህን ያህል፣ መድኃኒት ለመስጠት ይህን ያህል፣ በሽተኛ ለማገላበጥ ይህን ያህል። ሥራው ሲያልቅ ጣቴን አሳርፋለሁ፤ አረንጓዴ ይበራል። ደቂቃው ካለፈ ቀይ ይሆናል። ጠዋት ላይ የምጠየቀው ስለ ቀዩ ነው።

ከስሞቹ አንዱ የቀድሞ የትራም ሾፌር ናቸው። በልቤ አባባ እላቸዋለሁ። የመርሳት በሽታ ይዟቸው የልጃቸውን ስም ረስተዋል፤ የኩዊን ጎዳናን ፌርማታዎች ግን አልረሱም። እንቅልፍ እምቢ ሲላቸው እግራቸውን በሞቀ ውሃ አጥባለሁ፤ እሳቸውም ዓይናቸውን ጨፍነው በተራ ይጠሯቸዋል፦ ብሮድቪው፣ ፓርላመንት፣ ሸርቦርን፣ ጃርቪስ፣ ቸርች፣ ያንግ። ከዚያ ዓይናቸውን ገልጠው ትኩር ብለው ያዩኝና «አንቺ ማን ነሽ?» ይሉኛል። «ነርስዎ ነኝ» እላለሁ። ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ መልሱ አላጠገባቸውም። አንድ ሌሊት ገና ጃርቪስ ላይ ሳሉ ታብሌቱ ቀላብኝ። እግራቸውን በቅጡ ሳላደርቅ በፎጣ ጠቅልዬ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ።

ያን ሰሞን ፍርዴን ሰጥቼ ጨርሼ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከወገኖቼ ጋር ቡና ስንጠጣ ወሬያችን ሁሉ አንድ ነበር፦ እዚህ አገር ሰው ለራሱ እንጂ ለሰው አይኖርም፤ ሁሉ ነገር ስሌት ነው፤ የእኛ አገር ግን ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው። እኔም አጥብቄ የምናገር ነበርኩ። መጽሐፍዎን ከአሮጌ መጻሕፍት መሸጫ ያነሳሁትም ርእሱን አይቼ ነው። «የዘመናዊነት ሕመም» ይላል። ፍርዴን የሚያጸናልኝ ምስክር ያገኘሁ መሰለኝ።

እ.ኤ.አ. በ1991 ማሲ ሌክቸርስ በሚባለው የካናዳ የሬዲዮ ንግግር ካቀረቡት የተዘጋጀች ቀጭን መጽሐፍ ናት። ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ሦስት ሕመሞች ይዘረዝራሉ። አንደኛው ግለኝነት ነው፤ ሰው ከራሱ የሚበልጥ ዓላማ አጥቶ በገዛ ኑሮው ውስጥ ሲጠብ። ሁለተኛው «በትንሽ ወጪ ብዙ ውጤት የት አለ?» ብቻ ብሎ የሚያሰላው አእምሮ በሁሉ ላይ ሲነግሥ ነው፤ የሰው ነፍስ እንኳ በዶላር እስኪተመን። ሦስተኛው ከሁለቱ ይወለዳል። ሰው በየቤቱ ተዘግቶ የጋራ ጉዳዩን ሲተው፣ ፈረንሳዊው ቶክቪል በ19ኛው ክፍለ ዘመን የፈራው ዓይነት አገዛዝ ይመጣል፤ አይገርፍም፣ አያስርም፣ ነገር ግን እንደ ሞግዚት ሁሉን ይወስንልሃል።

እስከዚህ ድረስ «ይኸው፣ እኔስ ምን አልኩ?» እያልኩ ነበር ያነበብኩት። ከዚያ ግን አላስተረፉኝም።

ዘመኑን ከሚያወድሱትም ከሚያወግዙትም ጋር አልወገኑም። ጥቅሙንና ጉዳቱን በሚዛን ለክተን መሐል ላይ እንታረቅ ማለትም አልበቃዎትም። ከግለኝነቱ ሥር አንድ የከበረ ነገር ተቀብሯል፤ ቆፍረን እናውጣው፣ ዘመኑን በራሱ ምርጥ ሐሳብ እንውቀሰው አሉ። የከበረው ነገር ራስን ሆኖ መኖር ነው። ፈላስፋው ሩሶ በውስጣችን ስላለው ድምፅ የተናገረውን፣ ጀርመናዊው ሄርደር እያንዳንዱ ሰው ሰው የሚሆንበት የራሱ ልክ አለው ያለውን እያነሱ፣ ይህ ሐሳብ ራስ ወዳድነት ከመምሰሉ በፊት ምን ያህል ከባድ የሥነ ምግባር ጥሪ እንደነበር አሳዩኝ።

እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘግቼ ወደ ደሴ ተመለስኩ። 19 ዓመቴ ነበር። አጎቴ ባል መርጦልኝ፣ ሽማግሌ ገብቶ፣ ቀን ተቆርጦ ነበር። ክፉ ያሰበልኝ ማንም የለም፤ የጠየቀኝም ማንም የለም። ነርስ መሆን እንደምፈልግ የምታውቀው እናቴ ብቻ ነበረች። የአንገት ወርቋን ሸጣ አዲስ አበባ ላከችኝ። ዘመድ ሁሉ «ለራሷ ብቻ የምታስብ ልጅ» አለኝ። ስንት ዓመት ቆይቼ፣ ቶሮንቶ ቡና እየጠጣሁ፣ ያንኑ ቃል በሰው አገር ሕዝብ ላይ እወረውር ነበር። ሰው ለሰው መድኃኒቱ መሆኑ እውነት ነው። ነርስ ነኝና የማውቀው ሌላም እውነት አለ፤ መድኃኒት የበሽተኛውን ልክ ሳያውቁ ሲሰጡት ይጎዳል። ይህን እንዳይ ስላደረጉኝ አመሰግንዎታለሁ።

ራስን መሆን ማለት ያሻኝን መምረጥ ነው፣ የመረጥኩት ሁሉ ስለመረጥኩት ብቻ ይከብራል ለሚሉትም መልስ አለዎት። ራሴ ላይ ልክ 3,732 ፀጉር ያለኝ ብቸኛ ሰው ብሆን፣ ቁመቴም በሳይቤሪያ ሜዳ ከቆመ አንድ ዛፍ ጋር እኩል ቢሆን ምን ይፈይዳል? ሰውን ሰው የሚያደርገው ልዩነት ከእርሱ ፈቃድ በፊት ዋጋ ባለው ነገር ላይ የተመሠረተ ልዩነት ነው። ነርስነትን መምረጤ ቁም ነገር የሆነው የታመመን መንከባከብ እኔ ከመወለዴ በፊትም ቁም ነገር ስለነበረ ነው። ከፈቃዳችን በፊት የነበረውን ይህን የዋጋ ሚዛን ከጣልነው ምርጫው ራሱ ይቀልላል።

አሁን በአማርኛ ገባኝ ያልኩዎትን ላስረዳ። እኔነታችን የሚሠራው በንግግር ነው ይላሉ፤ ከሚወዱን፣ ከሚቃወሙን፣ አንዳንዴም ልንሆን የማንወደውን ሊያደርጉን ከሚፈልጉ ሰዎች ጋር። አማርኛ ይህን ነገር የሚጠራበት ቃል «ማንነት» ነው። ቃሉ የተሠራው «ማን?» ከሚለው ጥያቄ ነው። ጥያቄ ደግሞ ጠያቂ ይፈልጋል፤ ማንም የማይጠይቀው ሰው ማንነቱን ለማን ይመልሳል? በአገሬ ሲጠየቁ የሚመልሱት «የእገሌ ልጅ ነኝ» ብለው ነው። መልሱ እውነት ነው፤ ግን እዚያ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚጠብቅ አይገኝም። እዚህ አገር ደግሞ ቀሪውን ሁሉ ልትናገር ይፈቀድልሃል፤ ቆሞ የሚጠይቅህ ጠፋ። ሁለቱንም ጉድለት በአንድ መጽሐፍ ውስጥ አየሁ።

ወላጆቻችን ካለፉ በኋላም ከእነርሱ ጋር የጀመርነው ንግግር በውስጣችን እስከ ዕድሜያችን ይቀጥላል ያሉትን ሳነብ ብዙ ቆየሁ። እናቴ ያረፈችው እኔ እዚህ እያለሁ ነው። ለቅሶዋ ላይ አልደረስኩም። በልጅነቴ የእህቴን ፀጉር ስሠራ አጠገቤ ቁጭ ብላ «እጅሽን ቀለል አድርጊ» ትለኝ ነበር። ዛሬ የሽማግሌ ክንድ ይዤ የደም ሥር ስፈልግ ይኸው ድምፅ ይሰማኛል፤ እኔም «እሺ» እላለሁ። ይህን ናፍቆት ብቻ አድርጌው ነበር። የእኔነቴ አንድ ክፍል መሆኑን ያስተዋልኩት በእርስዎ ነው።

ስለ ሙያዬ የጻፉት ግን ከሁሉ ይበልጥብኛል። በመጽሐፉ ውስጥ የፈላስፋውን የአልበርት ቦርግማንን ሐሳብ ያነሳሉ፤ ዱሮ ቤት ማሞቅ ቤተሰቡ ሁሉ እንጨት የሚፈልጥበት፣ የሚከምርበት፣ ምድጃውን የሚማግድበት የጋራ ሥራ ነበር፤ ዛሬ ሙቀቱ ቁልፍ ሲጫን ይመጣል፣ አብሮነቱ ግን አብሮ አልመጣም። ምድጃ ዙሪያ ላደገ ሰው ይህ ማስረጃ አያሻውም። ስለ ነርሶችም ይጽፋሉ። የነርሶችን ሥራ ያጠናችውን ፓትሪሺያ ቤነርን ጠቅሰው፣ በቴክኒክ የሚመካው ሕክምና በሽተኛውን የሕይወት ታሪክ ያለው ሙሉ ሰው መሆኑን ትቶ እንደ አንድ የሚጠገን ብልሽት እንደሚያየው፣ ሰውን እንደ ሰው የሚንከባከቡት ነርሶችም ከባለመሣሪያው ስፔሻሊስት በታች እንደሚቆጠሩ ይመሰክራሉ። ስለ ፈላስፋው ሄግል ያንን የሚያህል መጽሐፍ የጻፈ ሰው፣ እኔ በሌሊት ኮሪደር ላይ ያለቀስኩበትን ምክንያት ሳያየኝ ጽፎት አገኘሁ። እግር ማጠብ ብቻ እንዳልነበረ፣ እዚያ ጎድሎ የቀረው ነገር ስም እንዳለው አወቅሁ።

ታብሌቱን ግን አልጣልኩትም፤ ያም የእርስዎ ትምህርት ነው። የመድኃኒት መጠን እንዳላሳስት ይጠብቀኛል፤ እናቴ በቂ ሕክምና ባገኘች ኖሮ ያንን ስሌት በደስታ በተቀበልኩላት። ስሌቱ ራሱ መከራን ከመቀነስ ምኞት የተወለደ ነው፤ የተወለደበትን ርኅራኄ ሲረሳ ነው የሚታመመው። ስለዚህ ማሽኑን ከመርገም የመጣበትን ዓላማ ማስታወስ ይሻላል።

ቃልዎን በኑሮዎ ስላጸኑትም ላመስግንዎ። አባትዎ እንግሊዝኛ ተናጋሪ፣ እናትዎ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሆነው፣ በሁለት ቋንቋ መካከል አድገው ሁለቱን ሲያነጋግሩ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለፓርላማ ደጋግመው ተወዳድረው ተሸንፈዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ያሸነፉዎት በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ፒየር ትሩዶ ነበሩ። ሽንፈቱ ከአደባባይ አላስወጣዎትም። እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2008 ከታሪክ ምሁሩ ዤራር ቡሻር ጋር አንድ ኮሚሽን መርተው በኩቤክ እየተዘዋወሩ፣ የልዩ ልዩ ሃይማኖትና ባህል ሰዎች እንዴት አብረው ይኑሩ በሚለው ላይ ሕዝቡን ሰሙ፤ የሚያስቀይም ንግግር ሳይቀር በትዕግሥት አዳመጡ። ሪፖርታችሁ ዳኞችና ፖሊሶችን የመሳሰሉ ባለሥልጣናት የሃይማኖት ምልክት እንዳይለብሱ መክሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017፣ በኩቤክ ከተማ መስጊድ ውስጥ ስድስት ሰዎች ከተገደሉ በኋላ፣ በዚያ ምክር ላይ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ ብለው በአደባባይ ጻፉ። ሂጃብ የምትለብስ የሥራ ባልደረባ አለችኝ። ይህን ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና «ትልቅ ሰው ነው» አለች። ሐሳብን መለወጥ ለሊቅ ምን ያህል እንደሚከብድ ስለምገምት እኔም እንደ እሷ እላለሁ።

ለሦስተኛው ሕመም፣ ለዚያ እንደ ሞግዚት ሁሉን ለሚወስን አገዛዝ፣ መድኃኒቱ ሰዎች ተሰባስበው በጋራ ሲሠሩ የሚያገኙት ብርታት ነው ብለው ነበር። አደረግነው። አምስት ሆነን፣ ነርሶችና ተንከባካቢዎች፣ በእረፍት ሰዓታችን እየተቀመጥን ሁለት ጥያቄ ጻፍን። አንደኛው፣ ከታብሌቱ ዝርዝር በፊት የእያንዳንዱን አረጋዊ ታሪክ የሚናገር አንድ ገጽ ይጨመር የሚል ነው። ሁለተኛው፣ የመርሳት ሕመም ላለባቸው ሰዎች የገላ መታጠቢያው ደቂቃ ለነርሷ ማስተዋል ይተው የሚል። ሁለተኛውን አልፈቀዱልንም፤ እንደገና እንጠይቃለን። የመጀመሪያውን ግን ፈቀዱ። የአባባን ገጽ ልጃቸው መጥታ ከእኔ ጋር ጻፈችው፤ የነዱትን መስመር፣ የሚወዱትን ዘፈን፣ በክረምት ብርድ ያለ ቲኬት ያሳፈሯቸውን ሰዎች።

ባለፈው ሳምንት እንቅልፍ እምቢ አላቸው። ውሃውን አሞቅሁ፣ ተንበርክኬ እግራቸውን ነከርኩ። ብሮድቪው አሉ፤ ፓርላመንት አሉ። ዓይናቸውን ገለጡ። «አንቺ ማን ነሽ?»

«ብሮድቪው ላይ የተሳፈርኩ ነኝ» አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። «የት ትወርጃለሽ?»

«ያንግ እስክንደርስ አልወርድም።»

ታብሌቱ ጠረጴዛው ላይ ቀላ። ተውኩት። ሸርቦርን፣ ጃርቪስ፣ ቸርች አሉ፤ እኔም በፎጣው የጣቶቻቸውን መሐል አንድ በአንድ አደረቅሁ።

ፕሮፌሰር ሆይ፣ እንዲህ መልስ እንድሰጥ ያበቁኝ እርስዎ ነዎት።  

አክባሪዎ፣
የሌሊት ተረኛዋ ነርስ
ቶሮንቶ