ድልድይ ነው ተብሎ የታለፈ መጽሐፍ

«ሆሎው ሲቲ» አሜሪካዊው ራንሰም ሪግስ ለወጣቶች የጻፈው፣ ምስጢርንና ከተፈጥሮ በላይ የሆነ ኃይልን ያጣመረ ባለሦስት ክፍል ልቦለድ ሁለተኛ መጽሐፍ ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2011፣ ይህኛው በ2014፣ መደምደሚያው በ2015 ታትመዋል። መካከለኛ መጽሐፍ ሲደክም ሁልጊዜ አንድ ማስተባበያ ይቀርብለታል፤ «ድልድይ ነው፣ ሦስተኛውን ጠብቁ» ይባላል። ማስተባበያው ስሕተት ነው። አንባቢ ገንዘቡንም ጊዜውንም የሚሰጠው ለሙሉ መጽሐፍ ነው፤ የምስጢር ልቦለድ ደግሞ ሙሉ የሚሆነው የራሱን ጥያቄ አንሥቶ እስከ ጥግ ሲከታተል ነው።

የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህን አድርጓል። ወጣቱ ጄኮብ ፖርትማን አያቱ አብርሃምን ፍሎሪዳ ውስጥ ለሞት በሚያበቃ ቁስል ሲያጣጥር ያገኘዋል፤ በዛፎቹ መካከል ያየውን አስፈሪ ፍጥረት ግን ማንም አያምነውም። የአያቱ የመጨረሻ ቃላት ዌልስ ወዳለች ደሴት ይመሩታል፤ እዚያም ልዩ ተፈጥሮ ያላቸው ልጆች ሴፕቴምበር 3 ቀን 1940ን በየዕለቱ እየደገሙ በሚኖሩበት የጊዜ ቀለበት ውስጥ ይገባል። መጽሐፉ ከሰብሳቢዎች እጅ በተገኙ እውነተኛ አሮጌ ፎቶግራፎች የተሞላ ነው። በሽፋኑ ላይ ያለችው ትንሽ ልጅ እጆቿን ወደ ታች ዘርግታ ቆማለች፤ ቀረብ ብሎ ላስተዋለ ግን ጫማዋ መሬት አልነካም። ጄኮብ በልጅነቱ አያቱ ያሳየውን እንዲህ ያሉ ፎቶዎች አምኗል፣ ከፍ ሲል ማታለያ ናቸው ብሎ ትቷቸዋል፣ በኋላ እንደገና ሊመረምራቸው ተገዷል። አንባቢም አብሮት ይመረምራል። ፎቶው ማስረጃ ነው።

በሁለተኛው መጽሐፍ ይህ ሁሉ ይላላል። ልጆቹ ከደሴቲቱ በጀልባ ይሸሻሉ፤ አሳዳጊያቸው ሚስ ፔሪግሪን በወፍ አካል ውስጥ እንደታሰረች ናት፣ ከዘገዩም ሰው መሆኗ ለዘለዓለም ይቀራል። የሚያድናት ሰው ፍለጋ በቦምብ ወደምትደበደበው ለንደን ይጓዛሉ። «ምን ተፈጠረ?» የሚለው ጥያቄ «ይደርሳሉ ወይ?» በሚለው ተተካ። ማሳደድ፣ ማምለጥ፣ አዲስ ረዳት ማግኘት፣ እንደገና ማሳደድ ይፈራረቃሉ። ፎቶዎቹም ማስረጃ መሆናቸው ቀርቶ ማስጌጫ ሆነዋል፤ አንዳንዱ ትዕይንት ፎቶው ስላለ ብቻ የገባ ይመስላል።

የመጽሐፉ ትልቁ ጡዘት መጨረሻው ላይ ይመጣል፤ ልጆቹ እንደ ዓይናቸው ብሌን ሲጠብቋት የቆዩት ወፍ ሚስ ፔሪግሪን ሳትሆን ጠላት የሆነው ወንድሟ ኮል ነው። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ የሚያሳዝነውም ለዚሁ ነው። ወፏ በጉዞው ሁሉ የጥርጣሬ ምንጭ መሆን ትችል ነበር፤ ደራሲው ግን እንደ ሸክም አዟዟራት። ጥርጣሬ ሳይዘራ ድንጋጤ አጨደ። ወዲያው ደግሞ ጄኮብ አያቱን የገደለውን ዓይነት ጭራቆች ማየት ብቻ ሳይሆን ማዘዝም እንደሚችል ይታወቃል፣ መጽሐፉም እዚያው ይቆረጣል። ይህ ግኝት መሐል ላይ ቢመጣ ኖሮ ልጁን ከወዳጆቹ ጋር ሊያጋጨው፣ ከራሱም ጋር ሊያጣላው ይችል ነበር፤ አሁን ግን የሚቀጥለውን መጽሐፍ መሸጫ ሆኗል።

መካከለኛ መጽሐፍ የግድ እንዲህ አይደለም። የእንግሊዛዊው ፊሊፕ ፑልማን «ዘ ሰትል ናይፍ» (1997) የሌላ ተከታታይ ልቦለድ ሁለተኛ ክፍል ነው። ቀደም ሲል ያልታወቀ ዊል የሚባል የ12 ዓመት ልጅ ይዞ ይጀምራል፤ ልጁ ከዓመታት በፊት የጠፋውን አባቱን ይፈልጋል። አባቱን እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ያገኘዋል፣ በተገናኙበት ቅጽበትም ያጣዋል። ለሦስተኛው ክፍል የሚተርፍ ጉዳይ አለ፤ የዚህኛው ጥያቄ ግን ተመልሷል።

«ሆሎው ሲቲ»ም እንዲህ ያለ ጥያቄ በእጁ ነበረው። አብርሃም ልጅ ሳለ ከልዩዎቹ ልጆች ጋር ከኖረባት ደሴት ከወጣ በኋላ አሜሪካ ውስጥ ጭራቅ አዳኝ ሆኖ የኖረው ድብቅ ሕይወት ምን ይመስል ነበር? ጄኮብ የሚወዳት ኤማ ቀድሞ የወደደችው ይህንኑ አያቱን ነው፤ ስለዚህ ጥያቄው የሁለቱንም ልብ ይነካል። ሪግስ ወደዚህ ሕይወት በስፋት የገባው ሦስቱ መጻሕፍት ካለቁ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2018 ባሳተመው አራተኛ መጽሐፍ ነው።