ሰይጣንን እንተወው!

በአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን በነፃ የሚያገለግሉ ሰዎች በተኳረፉ ቁጥር «ሰይጣን መካከላችን ገባ» ይባላል። በዚህ አልስማማም። ባለፈው የንግሥ ዕለት መካከላችን የገባው የዕቃ ቤት ቁልፍ ነው።

ዝክሩን ያዘጋጁት የጽዋ ማኅበርተኞችና የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች፣ በድምፅ ማጉያ ሲመሰገኑ የማን ስም ይቅደም በሚል ተጣሉ። (ሳቁ፤ እኔም ስቄያለሁ።) ቁልፍ ያዡ ሰውዬ ከማኅበርተኞቹ ወገን ነበሩና አኩርፈው ቤታቸው ገቡ። ሳህኑም ጭልፋውም ተቆልፎበት ቀረ። ቅዳሴው እንዳለቀ የተሰለፉት ነዲያን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆዩ፤ ወጡ እዚያው አጠገባቸው በየድስቱ ይቀዘቅዝ ነበር። እኔስ? የትኛው ወገን እንደተበደለ ከሚከራከሩት ጋር ቆሜ ነበር።

«አሥራ አምስት ዓመት ያለ ደመወዝ አገልግያለሁ» ይላሉ ሰውዬው። እውነት ነው፤ ነገር ግን ደመወዛቸውን በቁልፉ ሲቀበሉ ኖረዋል። በ1965 ዓ.ም. የወጣው፣ ኋላም የተሻሻለው ቃለ ዓዋዲ ካህናትን፣ ምእመናንንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን በአንድ ሰበካ ጉባኤ ያስቀምጣል። ታዲያ ንብረቱ በዚሁ ጉባኤ ፊት ተቆጥሮ በፊርማ ርክክብ ይደረግ፣ ቁልፍ ያዡም በየጊዜው ይለወጥ ማለት ምኑ ነው ድፍረት? ይህን ባነሳሁ ጊዜ «የተጣላን ማስታረቅ እንጂ ቆጠራ ምን ያደርጋል?» ተባልኩ።

ሽማግሌ ተላከ። ይቅር ለእግዚአብሔር ተባብለው ተሳሳሙ። ቁልፉ ዛሬም እዚያው ኪስ ውስጥ ነው።