ማኅበረሰብ በወር ኪራይ

አዲስ አበባ ውስጥ የጋራ ቢሮ የሚያከራይ ሰው «ጠረጴዛ አከራያለሁ» ማለት ያፍራል። ማስታወቂያው የሚያወራው ስለ ማኅበረሰብና ስለ ትስስር፣ ብቻውን ሥራ የጀመረ ወጣት «ቤተሰብ» ስለሚያገኝበት ቦታ ነው። ኢንተርኔቱና ጄኔሬተሩ ከታች በትንሽ ፊደል ይከተላሉ። ቢገለበጥ ይሻላል ባይ ነኝ። ጄኔሬተሩ በትልቁ ይጻፍ፤ ማኅበረሰብ የሚለው ደግሞ በእውን እስኪገኝ ይቆይ።

መብራት በሄደ ቁጥር ሥራው የሚቆምበት የግራፊክስ ባለሙያ፣ ቶሮንቶ ካለ ደንበኛው ጋር እያወራ መስመሩ የሚቋረጥበት ፕሮግራመር፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሕፃን እያባበለች የሰው ሒሳብ የምትዘጋ እናት፣ ለጸጥታና ለማይቋረጥ መብራት ቢከፍሉ ገንዘባቸው አልባከነም። ንግድ ፈቃድ ሲወጣ የሥራ አድራሻ በሚጠየቅበት አገር፣ ሕጋዊ አድራሻ የሚሰጥ ቢሮ ከተገኘ ያ ብቻውን ኪራዩን ያወጣል። ጠቤ ከላዩ ከተለጠፈው ስም ጋር ነው።

የጋራ ቢሮ ዋናው ሸቀጥ የመውጣት ቅለት ነው። የወር ከፍለህ ትገባለህ፤ ካልተመቸህ በሚቀጥለው ወር ቦርሳህን አንግተህ ትሄዳለህ። ለነጋዴ ይህ ትልቅ ምቾት ነው፤ ማኅበረሰብ ግን እንዲህ ባለ ቦታ አይበቅልም። ዊወርክን ማየት ነው። በ2010 (እንደ ፈረንጆቹ) ኒውዮርክ ላይ ሲመሠረት ሥራው ሕንፃ ለረጅም ዓመት ተከራይቶ፣ ከፋፍሎ ለአጭር ጊዜ ማከራየት ነበር። የተከራይ አከራይ መሆን ነውር የለውም። ኩባንያው ግን አክሲዮን ለመሸጥ ባቀረበው ሰነድ ላይ ሳይቀር ተልዕኮዬ የዓለምን ንቃተ ህሊና ከፍ ማድረግ ነው ብሎ ጻፈ። በ2019 መጀመሪያ 47 ቢሊዮን ዶላር ተገመተ፤ ዓመቱ ሳያልቅ አክሲዮኑን ለሕዝብ የመሸጥ ዕቅዱን አጠፈ። ኮቪድ ሲመጣ «ማኅበረሰቡ» ቤቱ ገባ፤ ረጅሙ የኪራይ ውል ከኩባንያው ጋር ቀረ። በ2023 መገባደጃ ላይ ፍርድ ቤት ሄዶ ከአበዳሪዎቹ ከለላ ጠየቀ።

አሁን መርካቶ እንውረድ። ምናለሽ ተራ የተጣለ በርሜል የከሰል ምድጃ ይሆናል፣ ያረጀ ጎማ በረባሶ ይሆናል። እዚያ መዶሻ ይዞ የሚውለው አብዛኛው ሰው ብቻውን ሥራ የጀመረ ነው፤ የንግድ ካርድ ስላላሳተመ ነው ሥራ ፈጣሪ ያላልነው። ከዚያ አለፍ ብላችሁ አንድ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ግቡና የበር ቁልፍ ጠይቁ። የፈለጋችሁት ዓይነት ባይኖረውም ባለሱቁ «የለም» አይላችሁም። «አንዴ ጠብቁ» ይልና ልጁን ይልካል። ልጁ ሦስት ሱቅ አልፎ ቁልፉን ይዞ ከተፍ ይላል፤ ተከራክራችሁ፣ ከፍላችሁ ትሄዳላችሁ። የቁልፉ ባለቤት በዚያች ሰዓት ብር አልተቀበለ፣ ወረቀት አልያዘ። ማታ ይተሳሰባሉ፤ ነገ ደግሞ እሱ በተራው ልጅ ይልካል። ሁለቱ አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ፣ በአንድ ደንበኛ የሚሻሙ ሰዎች መሆናቸውን አትርሱ።

የእነዚህ ሰዎች ዕቁብ ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ያጠብቀዋል። 20 ሰው በየሳምንቱ 5,000 ብር ቢጥል ዕጣው 100,000 ብር ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የደረሰው ሰው የ19 ሳምንት ዕዳ፣ ማለትም 95,000 ብር ተሸክሞ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት ዋስ ይጠራል። አጠገቡ ያለው ባለሱቅ፣ ይህ ሰው ቢጠፋ እኔን ያዙኝ ብሎ ይፈርምለታል። የሚፈርመው ስለሚወደው ላይሆን ይችላል። ስንት ሰዓት እንደሚከፍት፣ ከማን ጋር እንደሚጣላ፣ የሰው ገንዘብ እንዴት እንደሚመልስ ለዓመታት ስላየው ነው።

ይህንን መለኪያ ይዛችሁ ወደ ጋራ ቢሮው ተመለሱ። አጠገባችሁ የሚቀመጠው ሰው ለ95,000 ብር ይፈርምላችኋል? ስሙንስ ታውቁታላችሁ? ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ነው የሚውለው። ዓርብ ማታ በተዘጋጀው የትውውቅ ምሽት ስልክ ተለዋውጣችሁ ይሆናል። አስተዋዋቂዋ «ኮሚዩኒቲ ማናጀር» ትባላለች፤ ደመወዝ የሚከፍላት አከራዩ ነው። (የሰፈራችሁን ዕድር ዳኛ ባለሕንፃው ቢቀጥርላችሁ ምን እንደምትሉ እስቲ አስቡት።)

መርካቶን ገነት አድርጌ መሳሌ ግን አይደለም። ተራው በሩን የሚከፍተው ለዘመድ፣ ለአገር ልጅ፣ ከልጅነቱ ሱቅ እየጠረገ ላደገ ነው። ከወልድያ ብቻዋን የመጣች፣ ከላፕቶፕ ሌላ ሀብት የሌላት ልጅ ዋስ ከየት ታመጣለች? የጋራ ቢሮ የማን ልጅ ነሽ ሳይል ያስገባታል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ቤቱ ይዘጋ የማልለውም ለዚህ ነው። እንደ አይስአዲስ ያሉ ጀማሪዎችን የሚያሠለጥኑና የሚያማክሩ ማዕከላትም ሌላ ሥራ ላይ ናቸው፤ ትችቴ እነሱን አይነካም።

የሚያናድደኝ ሌላው ነገር፣ የተለያየ ሙያ ያላቸው ሰዎች ሲቀላቀሉ ሐሳብ ይፈልቃል የሚለው ስብከት ነው። አልፎ አልፎ ይፈልቅ ይሆናል። ብቻውን ለሚሠራ ተርጓሚ ግን የሚበጀው ሌላ ተርጓሚ ነው፦ የትኛው ደንበኛ ገንዘብ እንደማይከፍል የሚነግረው፣ ሲታመም ሥራውን የሚረከብለት፣ አንዱን ገጽ በርካሽ ሲሠራ «ገበያችንን አበላሸኸው» ብሎ የሚቆጣው።

ለንደን ውስጥ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ኤድዋርድ ሎይድ የሚባል ሰው ቡና ቤት ነበረው። የሚሰበሰቡበት ባለመርከቦች፣ ካፒቴኖችና የባሕር መድን ሰጪዎች ነበሩ፤ ሁሉም ኑሯቸው መርከብ ላይ ነው። መርከብ ሊጓዝ ሲል፣ ቢሰጥም የዚህን ያህሉን እኔ እከፍላለሁ እያሉ በአንድ ወረቀት ላይ ከሥር ከሥር ይፈርሙ ነበር። ዋስ መሆን ማለት ነው። ሎይድ ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1771፣ ከእነዚያ ሙያተኞች 79ኙ እያንዳንዳቸው 100 ፓውንድ አዋጥተው፣ ኮሚቴ መርጠው የራሳቸውን ቦታ ለመያዝ ተነሡ። ቡና ቤቱ ቀረ፤ ሎይድስ ግን ዛሬም የዓለም መድን ገበያ ነው።

የእኛዎቹ የጋራ ቢሮ ተከራዮች ከዚህ መጀመር ይችላሉ። አንድ ሙያ ያላቸው አሥር ሰዎች አንድ ጥግ ይያዙ። ትንሽም ብትሆን ዕቁብ ይጣሉ፤ ዋስ እየተጠራ። አንድ የሒሳብ ባለሙያ በጋራ ይቅጠሩ፤ ለብቻ የማይቻል ሥራ ሲመጣ ተከፋፍለው ይውሰዱት። ይህ ሲሆን መጀመሪያ የሚደነግጠው ማኅበረሰብ ሲሸጥ የኖረው አከራይ ነው። ኪራይ በተጨመረ ጊዜ አሥሩ ሰዎች አንድ በአንድ አኩርፈው አይወጡም፤ ተመካክረው አንድ ሰው ይልካሉ፣ ይደራደራሉ። ካልተስማሙም የዕቁቡን አንድ ዕጣ ለዚሁ መድበው ማዶ ያለውን ፎቅ ራሳቸው ይከራያሉ።