ሙዚቃ መልእክተኛ ሊሆን ይችላልን?

አንዳንድ ሰዎች፥ «የሙዚቃ ጓድ ባሕር ተሻግሮ ቢጫወት ለአገር ምን ይጠቅማል? ገንዘቡ ለሌላ ሥራ ቢውል አይሻልምን?» ሲሉ ይሰማል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ግን የጉዞው ጥቅም የሚለካው እንግዳው በሚያሳየው ችሎታ ብቻ ሳይሆን፥ የባለቤቱን ዜማ ለመማር ባለው ፈቃድ ነው እላለሁ።

ለዚህም ምስክር አለኝ፤ ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ1959 አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት በጠላትነት ዓይን ይተያዩ በነበረበት ጊዜ፥ የኒውዮርክ ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ በሊዮናርድ በርንስታይን መሪነት ወደ ሞስኮ ሄደ። በዚያም የሩሲያዊውን የሾስታኮቪችን 5ኛ ሲምፎኒ ደራሲው ራሱ በተገኘበት ተጫወተ። በ1973 የፊላደልፊያ ኦርኬስትራ በዩጂን ኦርማንዲ እየተመራ ቻይና ሲገባ፥ ከቤትሆቨን ድርሰት ሌላ የቻይናውያኑን «የቢጫ ወንዝ» ኮንሰርቶ አሰማ። በ2008ም የኒውዮርኩ ጓድ በሎሪን ማዜል መሪነት ፒዮንግያንግ ገብቶ፥ በመጀመሪያ የሁለቱን አገሮች ብሔራዊ መዝሙር፥ በመጨረሻም ኮሪያውያን የሚወዱትን «አሪራንግ» የተባለ ዜማ ተጫወተ።

እርግጥ ነው፥ ሙዚቃ ብቻውን ጠብ አያበርድም። ሰሜን ኮሪያ በተከታዩ ዓመት፥ በ2009፥ የኑክሊየር ቦምብ ሞክራለች። መንግሥታትም እንዲህ ያለውን ጉዞ ስማቸውን ለማስወደድ ይጠቀሙበታል። ነገር ግን ውል መፈራረም የቫዮሊን ሥራ አይደለም። የቫዮሊን ሥራ፥ ጠላትህ ነው የተባለው ሰው የአንተን ዜማ አክብሮ ሲጫወት እንድትሰማ ማድረግ ነው። ይህን የሰማ ሰው፥ «እነዚያ አውሬዎች ናቸው» ቢሉት እንደ ቀድሞው ፈጥኖ አያምንም።

ወደ አገራችንም ዱክ ኤሊንግተን በ1973 ኦርኬስትራውን ይዞ በመጣ ጊዜ፥ ሙላቱ አስታጥቄ አብሮት ሆኖ የሙዚቃ መሣሪያዎቻችንን አሳይቶታል። እንግዳው አሰማን፤ እኛም አሳየነው። መልካም ጉዞ ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም። ነገ ከመካከላችን ክራር ወይም ማሲንቆ ይዞ ወደ ውጭ አገር የሚላክ ቢኖር፥ የዚያን አገር አንድ ዜማ እንኳ አጥንቶ ይሂድ። መምህሮቻችንም በሙዚቃ ክፍለ ጊዜ ከራሳችን ቅኝቶች ጋር የጎረቤቶቻችንን የሱዳንንና የሶማሊያን ዜማዎች ቢያስተምሩን፥ መልእክተኝነቱን ከወዲሁ እንለማመደው ነበር።