ያረጀን ሞተር መድን ይችለዋልን? በሆሳዕና መናኸሪያ ያገለገሉ ሚኒባሶችና የሜካኒካል ብልሽት ሽፋን

በሆሳዕና መናኸሪያ ወደ ዱራሜ፣ ወደ ሀላባ፣ ወደ ወራቤና ወደ ወላይታ ሶዶ ተራ ይዘው ከሚቆሙት ሚኒባሶች ብዙዎቹ ከአንድ በላይ ባለቤት ያዩ ናቸው። ከእነዚህም መካከል ወደ ደቡብ አፍሪካ የተሰደደ ወንድም ወይም ልጅ በላከው ገንዘብ የተገዙ ይገኙባቸዋል። ለእንዲህ ያለው ቤተሰብ ሚኒባሱ የዓመታት ስደት ፍሬ፣ የዕለት ጉርስና የዕዳ መክፈያ ነው። «ሞተሩ አንድ ቀን ቢነክስስ?» የሚለው ሥጋት ከባለቤቱ ልብ የማይወጣውም ለዚህ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ያገለገለ መኪና ላለው ሰው የሜካኒካል ብልሽት መድን መግዛት ያዋጣል ወይ የሚለውን ጥያቄ ያነሣል። የጸሐፊው አቋም የሚከተለው ነው፤ ለተለመደው ብልሽት መድን አያዋጣም፤ ባለቤቱን ከመኪናው ለሚነጥል ከባድ ብልሽት ግን፣ የመኪናውን እውነተኛ ሁኔታ የሚያውቅ አካል በመካከል ከገባ፣ ሊያዋጣ ይችላል።

በቅድሚያ አንድ የተለመደ የአስተሳሰብ ስሕተት መታረም አለበት። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም ባለተሽከርካሪ እንዲገዛ የሚገደደው የሦስተኛ ወገን መድን የሚመለከተው መኪናው በሌላ ሰው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ነው። ከዚህ ሰፋ ያለው፣ በመናኸሪያ ቋንቋ «ሙሉ ኢንሹራንስ» የሚባለው ሽፋን ደግሞ ግጭትን፣ መገልበጥን፣ ቃጠሎንና ስርቆትን ይጨምራል። ነገር ግን በተለመደው ውል ውስጥ በአገልግሎት ብዛት የሚመጣ ማለቅና የሜካኒካል ወይም የኤሌክትሪክ ብልሽት ከሽፋኑ ውጭ መሆናቸው በግልጽ ተጽፎ ይገኛል። መኪናው ቆሞ የሚቀርበት የገቢ ኪሳራም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ካምቢዮው የተሰበረበት ወይም ፓምፑ የሞተበት ባለንብረት «ሙሉ» የተባለውን ውል ይዞ ቢሄድ ባዶ እጁን ይመለሳል። ቅሬታው የሚገባን ቢሆንም ውሉ ይህን የሚያገልበት ምክንያት አለው።

መድን የተመሠረተው በአጋጣሚ ላይ ነው። ግጭት ዛሬ በአንዱ፣ ነገ በሌላው ላይ ሊደርስ ይችላል፤ በማን ላይ እንደሚደርስ አስቀድሞ አይታወቅም። የሞተር ማለቅ ግን መቼ እንደሚሆን ካልሆነ በቀር መምጣቱ የማይቀር ነው። ከሆሳዕና ደጋ ወደ ሀላባ ዝቅ ያለ ስፍራ ተሳፋሪ ሞልቶ በየዕለቱ የሚወርድና የሚወጣ መኪና ፍሬኑን፣ ፍሪሲዮኑንና ባሌስትራውን ይበላል። የማይቀረውን ወጪ መድን ሰጪ ቢሸከመው መልሶ በዐረቦን መልክ ከባለንብረቱ መሰብሰቡ ግድ ነው፤ በላዩም ላይ የአስተዳደር ወጪውንና ትርፉን ይጨምርበታል።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ዐሥር ሚኒባሶች አሉ እንበል፤ ከእነርሱም በዓመት ሦስቱ እያንዳንዳቸው 100,000 ብር የሚያስወጣ ብልሽት ይገጥማቸዋል። ለአንድ መኪና የሚደርሰው አማካይ ወጪ 30,000 ብር ነው። መድን ሰጪው ከዐረቦኑ ሲሶውን ለወጪና ለትርፍ ቢይዝ እያንዳንዱ ባለቤት 45,000 ብር መክፈል ይኖርበታል። ይህ ከወር ወደ ወር ሲከፋፈል 3,750 ብር ነው። ይህንኑ ገንዘብ በዕቁብ ወይም በባንክ የሚያጠራቅም ባለቤት በዓመቱ መጨረሻ፣ መኪናው ካልተበላሸ፣ ሙሉውን በእጁ ያገኛል።

ችግሩ ግን በዚህ አያበቃም። ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ስለ ያገለገሉ መኪኖች ገበያ በሚያወሳ ጥናት፣ ሻጩ የሚያውቀውን ጉድለት ገዢው ማወቅ ካልቻለ ጥሩዎቹ መኪኖች ከገበያው እየወጡ መጥፎዎቹ እንደሚቀሩ አሳይቷል፤ በ2001 (እ.ኤ.አ.) የኖቤል ሽልማትን ከማይክል ስፔንስና ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር የተጋራውም ለዚህና መሰል ሥራዎቹ ነበር። በምሳሌአችን ጥሩ መኪና ያላቸው አምስት ባለቤቶች «45,000 ብር በከንቱ ለምን እከፍላለሁ?» ብለው ቢወጡ ሦስቱ የሚበላሹት ከቀሩት አምስት መካከል ይሆናሉ። አማካዩ ወጪ ወደ 60,000፣ ዐረቦኑም ወደ 90,000 ብር ያሻቅባል። ይህን ሲያዩ ከቀሩት የተሻሉት ደግሞ ይወጣሉ። እንዲህ ያለው ሽፋን በሚሸጥበት በአሜሪካ ሳይቀር ሻጮቹ የመኪናውን ዕድሜና የተጓዘውን ርቀት የሚገድቡት ይህን ስለሚያውቁ ነው።

የመኪናው ሁኔታ መሰወር ብቻ ሳይሆን የአያያዙም መሰወር ሌላው ችግር ነው። ሕዝባችን መድንን ከማንም አልተማረም፤ ዕድር አለው። ዕድር ጸንቶ የኖረበት አንዱ ምክንያት ሞት ሁሉም የሚያየው፣ ማንም ሊያስመስለው ወይም ሊያፋጥነው የማይፈልገው ነገር መሆኑ ነው። ዘይት በጊዜው አለመቀየሩን ግን ማን ያያል? ውሃ ሳይሞላ በመነዳቱ የቴስታታ ጓርኒሲዮን የተቃጠለበትን መኪና በዕድሜው ምክንያት ከተቃጠለበት ማን ይለያል? በተለይ ባለቤቱ ሌላ፣ የቁርጥ ገቢ የሚያስገባው ሾፌር ሌላ በሚሆንበት ጊዜ የጥገናው ነገር በሁለቱ መካከል ይወድቃል። በላዩ ላይ መድን ሲጨመር የሚጠነቀቅ ሰው ይበልጥ ያንሳል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ በተቃራኒው የሚቀርበው ክርክር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። አማካይ ወጪ የሚያጽናናው ዐሥር መኪና ያለውን ሰው እንጂ አንድ ብቻ ያለውን አይደለም። የዕቁብ ገንዘብ ሳይጠራቀም በሁለተኛው ወር ሞተር የወረደበት ቤተሰብ ስለ አማካይ ቢነገረው ምን ይጠቅመዋል? የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ዋጋ ንሯል። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. መከልከላቸውም ሰው ያለውን አሮጌ መኪና አጥብቆ እንዲይዝ ያደርገዋል። እንዲህ ያለው ቤተሰብ ከአማካዩ በላይ ቢከፍልም እንኳ ከጥፋት ለመዳን ስለሚከፍል ምርጫው ሞኝነት አይሆንም። የጸሐፊው ተቃውሞ ፍሬኑንም ፍሪሲዮኑንም ሁሉንም እሸፍናለሁ በሚል ውድ ውል ላይ ነው። ሊገዛ የሚገባው ሽፋን ለሞተርና ለካምቢዮ ብቻ የሆነ፣ የመጀመሪያውን የወጪ ድርሻ ለባለቤቱ የሚተው፣ ከውሉ በኋላ የተወሰነ የመቆያ ጊዜ ያለው ነው።

እንዲህ ያለውን ውል የሚያስቸግረው የመረጃ እጥረት ሲሆን መረጃው ያለው መናኸሪያው ውስጥ ነው። የመኪናው ቆጣሪ ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል፤ የስምሪት መዝገብ ግን መኪናው በየትኛው መስመር ስንት ምልልስ እንዳደረገ ይመሰክራል። የትኛው መኪና በመንገድ እንደሚቆም፣ የትኛው ሾፌር ዘይት እንደሚመለከት የባለንብረቶች ማኅበራት፣ ተራ አስከባሪዎችና የጋራዥ ሰዎች ያውቃሉ። የመድን ሥራ በአዋጅ ቁጥር 746/2004 መሠረት የብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ስለሚያስፈልገው ማኅበሩ ብቻውን መድን ሰጪ ሊሆን አይችልም። ፈቃድ ካለው ኩባንያ ጋር በቡድን ቢዋዋል ግን የስምሪት መዝገቡንና የጥገና ደብተሩን በዋስትና መልክ ማቅረብ ይችላል። ሁሉም የማኅበሩ አባላት አብረው ሲገቡ ጥሩዎቹ ተለይተው የሚወጡበት በርም ይጠብባል።

እስከዚያው ድረስ ያገለገለ ሚኒባስ የሚገዛ ሰው የመጀመሪያው መድኑ ምርመራ ነው። ለዓመታዊው ቦሎ የሚደረገው ምርመራ መኪናው በመንገድ ላይ ለመሄድ ብቁ መሆኑን እንጂ ሞተሩ ስንት ዓመት እንደሚቆይ አይናገርም፤ ስለዚህ ከደላላውም ከሻጩም ጋር ዝምድና የሌለው መካኒክ ማስመርመር ያሻል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 2287 ጀምሮ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንደሚሆን ይደነግጋልና፣ ገዢው በውሉ ላይ «ባለበት ሁኔታ ተረክቤአለሁ» የሚል ሐረግ ሲቀርብለት ምን እየተወ እንደሆነ ዐውቆ ይፈርም። ቀጥሎም የዕለት ገቢው ሳይበላ ለጥገና የሚሆነውን ድርሻ ይለይ።

ለተመራማሪዎችና ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የሚቀረው ሥራ በእጃችን አጠገብ ነው። የአንድ ዓመት የስምሪት መዝገብ ከጋራዥ ደረሰኞች ጋር ቢገናዘብ ከላይ በግምት የተቀመጡትን ቁጥሮች በእውነተኛ ቁጥሮች ለመተካት ያስችላል። ያ እስኪሆን ድረስ የብልሽት ሽፋን የሚያቀርብ ኩባንያ ዋጋውን የሚተምነው በጨለማ ነው፤ በጨለማ የተተመነ ዋጋም ጉዳቱ የሚያርፈው መኪናውን በጥንቃቄ በያዘው ባለቤት ላይ ነው።