ቋሚ መኖሪያ በገንዘብ ይገዛልን?

ሰው ያነሰው አገር በሩን ከፍቶ ሠራተኛና ባለሀብት መጥራቱ አዲስ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ካናዳ በዚህ ረገድ የሞከረችው አሠራር ለነጋዴ ወገን ሁሉ ትምህርት የሚሰጥ ነው። ወደዚያ አገር የሚገባው እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ በቶሮንቶ፤ በሞንትሪያልና በቫንኩቨር ስለሚከማች፤ ሌሎቹ ጠቅላይ ግዛቶች ለሱቃቸው ሻጭ፤ ለፋብሪካቸው ሠራተኛ ማግኘት ተቸገሩ። ስለዚህ ማኒቶባ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1998 ዓ.ም. ለሥራዋ የሚስማማትን ሰው ራሷ መርጣ በዕጩነት ማቅረብ ጀመረች፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ጠቅላይ ግዛቱ ያጫል፤ ማዕከላዊው መንግሥት ደግሞ የዕጩውን ጤንነትና ከወንጀል ነፃ መሆኑን መርምሮ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ይሰጣል።

ወደዚህ ፈቃድ የሚያደርሱት መንገዶች በመሠረቱ ሁለት ናቸው፤ አንዱ የሥራ፤ ሁለተኛው የገንዘብ መንገድ ነው። ከሁለቱ የትኛው ለአገሩም ለመጤውም እንደ በጀ ያለፉት ዓመታት በግልጽ አሳይተዋል።

ማዕከላዊው መንግሥት ለባለሀብቶች ባወጣው ደንብ መሠረት፤ ከ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ አመልካቹ 1,600,000 የካናዳ ዶላር ሀብት እንዳለው አስመስክሮ፤ 800,000 ዶላር ለ5 ዓመት ያለ ወለድ ለመንግሥት ማበደር ነበረበት። ይህ በር በ2014 ዓ.ም. ተዘጋ። መንግሥቱ ያቀረበው ምክንያት ሊጤን የሚገባው ነው፤ በ20 ዓመት የሥራ ዘመን ውስጥ ባለሀብቱ መጤ የሚከፍለው የገቢ ግብር፤ በሙያው ተመርጦ የገባው ሠራተኛ ከሚከፍለው በ200,000 ዶላር ያህል ያንሳል ተባለ።

የፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴትም ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። ባለሀብቱ 200,000 ዶላር በመያዣ አስቀምጦ ቋሚ ፈቃዱን አስቀድሞ ይቀበል ነበር፤ በደሴቲቱ ኖሮ ንግድ ቤት ቢከፍትና ቢያካሂድ መያዣው ይመለስለታል፤ ባያደርገው ይወረሳል። በ2016–17 የበጀት ዓመት መያዣቸውን ካስመለሱት ይልቅ ያስወረሱት በለጡ። ብዙዎች መያዣውን የፈቃዱ ዋጋ አድርገው ቆጥረውት ነበር ማለት ነው። የመንግሥት ሣጥን ገንዘብ አገኘ፤ ገበያው ግን የተጠበቀውን ነጋዴ አላገኘም። አሠራሩ በ2018 ዓ.ም. ቀርቶ፤ ባለሀብቱ አስቀድሞ በጊዜያዊ የሥራ ፈቃድ ገብቶ ንግዱን እንዲያሳይ ተደረገ።

በአትላንቲክ ጠረፍ ያሉት አራቱ ጠቅላይ ግዛቶች በ2017 ዓ.ም. በሙከራ የጀመሩትና ከ2022 ዓ.ም. ወዲህ ቋሚ የሆነው ደንብ ግን ሌላ መሠረት አለው። በዚህ ደንብ የሚጠራው አሠሪው ነው። አሠሪውም በጠቅላይ ግዛቱ ተመርምሮ የታወቀ ሊሆን ይገባዋል፤ ለሠራተኛውና ለቤተሰቡም የመቋቋሚያ ዕቅድ ይዘጋጃል። እንግዳው ገና ሲደርስ ደመወዝ፤ የሥራ ባልደረባና የሚያውቀው ሰው ይኖረዋል።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በ1982 ዓ.ም. የወጣው የካናዳ የመብትና የነፃነት ቻርተር ቋሚ ነዋሪ በፈለገው ጠቅላይ ግዛት እንዲኖርና እንዲሠራ ይፈቅዳል። እንግዲህ ፈቃዱን የያዘውን ሰው በአንድ ቦታ የሚያቆየው መያዣ ሳይሆን እንጀራው ነው።

ካፒታል ያለው ሰው አያስፈልግም ማለት ግን አይደለም። ሥራ የሚከፍት ገንዘብ ለማንኛውም ገበያ በረከት ነው። ነገር ግን ገንዘቡ ባለቤቱን አስከትሎ ሊመጣ፤ ባለቤቱም ከሱቁ ሊቆም ይገባል። ኩቤክ እንኳ ለባለሀብቶች የዘጋችውን በር በ2024 ዓ.ም. እንደገና ስትከፍት፤ ከገንዘቡ ጋር የፈረንሳይኛ ቋንቋ ዕውቀትን ግዴታ አድርጋለች።

ወደዚያ ለመሄድ የሚያስብ ኢትዮጵያዊ ነጋዴም ይህን ሊያመዛዝን ይገባዋል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደሚባለው፤ ከወረቀቱ በፊት የሚሄድበትን ከተማ ገበያ ይወቅ፤ የሀብቱን ምንጭ የሚያስረዳ ሰነድ ያሰናዳ። ፈቃዱን እንደ ሸቀጥ «አለኝ» የሚል ደላላ ሲመጣ፤ በክፍያ ለማማከር የካናዳ ሕግ የፈቀደለት መሆኑን ይጠይቅ። በሩ ዘወትር በአንድ መጠን እንደማይከፈትም ያስታውስ፤ በጠቅላይ ግዛቶች ዕጩነት ለሚገቡት ለ2024 ዓ.ም. የታቀደው ቁጥር 110,000 ሲሆን፤ ለ2025 ዓ.ም. ወደ 55,000 ወርዷል። ሱቁን ሸጦ ለወረቀቱ የከፈለ ሰው እንዲህ ያለ ለውጥ ሲመጣ ሁለቱንም ሊያጣ ይችላል፤ ሙያውንና የንግድ ዕውቀቱን ይዞ የሚሄድ ግን በሩ ቢጠብበትም የሚኖርበትን አያጣም።