ሻንጣህን ማን ሸከፈው?

ከአዲስ አበባ ከተመለስኩ ወዲህ ኒኮልሰን ጎዳና ላይ ያገኘኝ ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ አገር ቤት ሰላምና ስለ ኑሮ ውድነት ነው። እኔ ግን ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ወደ አገር ቤት ይዘነው ስለምንሄደው ሻንጣ ነው።

ቱላማሪን አውሮፕላን ማረፊያ ደርሳችሁ ፓስፖርታችሁን ስታቀርቡ የምትጠየቁትን ታውቁታላችሁ። «ሻንጣህን የሸከፍከው ራስህ ነህ? ሌላ ሰው የሰጠህ ዕቃ አለ?» ከፉትስክሬይ የተነሳ ሐበሻ መልሱን በቃሉ አጥንቶታል፤ ለመጀመሪያው «አዎ»፣ ለሁለተኛው «የለም»። እስቲ እዚህ በገዛ ቋንቋችን እውነቱን እንነጋገር፤ ከመካከላችን ይህን ሳይዋሽ የመለሰ ስንቱ ነው?

የኛ ሰው ትኬት ሲቆርጥ ለማንም ባይናገር እንኳ ወሬው ከባልትና ሱቅ ተነስቶ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ስልኩ አያርፍም። «ትንሽ ነገር ናት፣ አንድ ኪሎ አትሞላም» የማይል የለም። ለወንድም ጫማ፣ ለእናት ቫይታሚን፣ ለአራስ የልጅ ልብስ፣ ለካህኑ መነጽር። እኔም በዋዜማው ሻንጣዬን አቅፌ የመታጠቢያ ቤቱ ሚዛን ላይ ስወጣ፣ ከውስጡ የራሴ የሆነው ሩቡን እንኳ አይሞላም ነበር።

በዚህ የምፈርድ አይደለሁም። ናይሮቢ በስደት ሳለሁ የእናቴ ደብዳቤ የሚደርሰኝ በሰው እጅ ነበር። ፖስታው ላይ ላብ የጠጣ ማጠፊያ አለው፤ ማን በደረቱ ይዞት ድንበር እንደተሻገረ እስከ ዛሬ አላውቅም። ያ ሰው «ምን አገባኝ» ቢል ኖሮ እናቴ በሕይወት መኖሯን ሳላውቅ ሁለት ዓመት በኖርኩ ነበር። የአደራ ጥብቅ፣ የሰማይ ሩቅ የምንለው ያለ ነገር አይደለም። ስለዚህ «የሰው ዕቃ አትያዙ» ብዬ ልመክራችሁ አፌ አይደፍርም። አልይዝም ማለት ቀላል ነው፤ ከባዱ በደንብ መያዝ ነው።

ጥያቄውስ ከየት መጣ? ሁለት ታሪክ ላስታውሳችሁ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 17 ቀን 1986 አን ማሪ መርፊ የምትባል ነፍሰ ጡር የአየርላንድ ሴት ሎንዶን ሂትሮው ላይ ወደ ቴል አቪቭ በሚበረው የኤል አል አውሮፕላን ልትሳፈር ቀረበች። ሻንጣውን የሰጣት እጮኛዋ ነዛር ሂንዳዊ ነው፤ ሊያገባት ቃል ገብቶላታል። ጠባቂዎቹ እየጠየቁ ቢፈትሹ ከሻንጣው ወለል ሥር ፈንጂ ተገኘ። እሷ የምታውቀው ነገር አልነበረም። ሰውየው 45 ዓመት ተፈረደበት። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 21 ቀን 1988፣ ባለቤት ባልተሳፈረበት ሻንጣ ውስጥ በቴፕ ሬዲዮ የተቀበረ ፈንጂ የፓን አም አውሮፕላንን ስኮትላንድ ሎከርቢ ላይ አፈነዳው፤ ከምድር ካሉት ጋር 270 ሰው አለቀ። እንግዲህ «ማን ሸከፈው?» ማለት የወግ ጥያቄ አይደለም። ያቺ ሴት የታመነችው በባዕድ ሰው አልነበረም፤ በልጇ አባት ነው።

ይህን እያወቅሁ ነው እንግዲህ በዋዜማው ማታ እትዬ እገሊት (ስማቸው ይቆየኝ) በሩን አንኳኩተው የገቡት። በቡናማ ፕላስተር አሥር ጊዜ የተጠቀለለ ካርቶን ታቅፈዋል። «ልጄ፣ ይህችን ለእህቴ። እሷ ደሴ ናት፤ ልጇ አዲስ አበባ መጥቶ ይቀበልሃል» አሉኝ።

«ምንድን ነው እትዬ?»

«ልብስ ነው። ሌላ ምን ይሆናል?»

«እንግዲያው እዚሁ አብረን ብንከፍተው ምን ይመስልዎታል?»

የያዙትን ስኒ ረከቦቱ ላይ አስቀመጡ። ቤቱ ጸጥ አለ። «አላመንከኝም ማለት ነው? ስንት ዓመት ነው የምታውቀኝ?»

«እርስዎንማ አምናለሁ እትዬ። ነገ ግን የሚጠይቁት እኔን ነው። ሳላየው አየሁ ብዬ እንዴት ልናገር?»

አልመለሱልኝም። በቢላዋ ፕላስተሩን ቀደድን። ሹራብ፣ ነጠላ ጫማ፣ ደብዳቤ፤ ሁሉም እንዳሉት ነው። ከካልሲ ውስጥ ግን የማርማላታ ብልቃጥ ወጣ፤ በነጭና በሮዝ ኪኒን ጢም ብሎ ተሞልቷል። እትዬ ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ቀስ ብለው ነገሩኝ፤ ሮዙ የራሳቸው የደም ግፊት መድኃኒት ነው፤ እህታቸውም ግፊት ስላለባቸው፣ አንድ ቀን እየዋጡ አንድ ቀን እየዘለሉ ያጠራቀሙት ነው። ነጩ ለጉልበታቸው ሕመም የታዘዘ። ካርቶኑ ቦታ እንዳይፈጅ ብለው ከማሸጊያው እያወጡ በአንድ ብልቃጥ ከተውታል።

በረራዬ ማታ ስለነበር በማግስቱ ጠዋት ተያይዘን ፋርማሲ ሄድን። ባለሙያው በትሕትና የነገረንን ለእናንተም ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። የአውስትራሊያ መንግሥት ዋጋውን የሚደጉመውን መድኃኒት፣ ፒ.ቢ.ኤስ. የሚባለውን፣ ለራስ ወይም አብሮ ለሚጓዝ ሰው ካልሆነ በቀር ከአገር ማውጣትም ሆነ መላክ በሕግ ክልክል ነው። እስራትም መቀጫም አለበት። ለእናትም ቢሆን ለእህትም ቢሆን ሕጉ አይለይም። ሁለተኛው ደግሞ ነጩ ኪኒን ኮዴይን ያለበት ሆኖ ተገኘ። እንደ ኮዴይንና ትራማዶል ያሉት በዱባይና በአቡዳቢ ጥብቅ ቁጥጥር ያለባቸው ናቸው። እኔ የምሄደው በዱባይ በኩል ነው። ስም በሌለው ብልቃጥ፣ በስሜ ያልታዘዘ ኮዴይን ይዤ ብያዝ «የእትዬ አደራ ነው» ብል ማን ይሰማኛል? ባለሙያው ሲጨርስ ወደ እትዬ ዞሮ «እርስዎ ራስዎ መድኃኒቱን መዝለል አደጋ አለው» አላቸው። እኔን ያስደነገጠኝ ይኸኛው ነው።

መቼም ከቱላማሪን ወደ አዲስ አበባ በአንድ በረራ አንደርስም። በዱባይ፣ በዶሃ፣ በሲንጋፖር ወይም በባንኮክ ነው የምናልፈው። ፍተሻው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሕጉም የሁለት አገር ነው። ስለዚህ እኔ ከራሴም ከሰውም ስህተት የተማርኩትን እነሆ።

አደራ የሚቀበል ሰው ክፍቱን ይቀበል። ከጉዞው ሦስት ቀን በፊት ይምጣ፤ በዋዜማው የመጣ ይመለስ። ምን ምን እንዳለበት በወረቀት ተጽፎ ይምጣ። ሸካፊው ግን እናንተ ናችሁ፤ ያን ጊዜ «ራሴ ሸከፍኩት» ብትሉ አልዋሻችሁም። ሰው የሰጠኝ አለ ወይ ሲሉም «አለ፣ አይቼዋለሁ» በሉ። ቢያስከፍቷችሁ ምንድን ነው ሲሉ የምትመልሱት አታጡም።

ፈሳሽና ፈሳሽ መሰል ነገር በእጅ ሻንጣ ከ100 ሚሊ ሊትር በማይበልጥ ዕቃ፣ ሁሉም በአንድ ባለ አንድ ሊትር ላስቲክ ከረጢት ይሁን። ይህ በአውስትራሊያ ለዓለም አቀፍ በረራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2007 ነው፤ ከዚያ በፊት በነሐሴ 2006 ሎንዶን ላይ በፈሳሽ ፈንጂ አውሮፕላኖች ሊያፈነዱ የዶለቱ ሰዎች በመያዛቸው የመጣ ነው። ማር፣ አዋዜ፣ የፀጉር ቅባት፣ የጥርስ ሳሙና፣ ሽቶ ሁሉ በዚህ ይቆጠራል። ትልቁን ወደሚጫነው ሻንጣ አግቡት። እዚህ ከፍተሻ በኋላ የገዛችሁት ውኃም ሁለተኛው ፍተሻ ላይ ሊጣል ይችላል።

ዱቄትን በተመለከተ፣ ከአውስትራሊያ ሲወጡ እንደ ጨውና እንደ ታልክ ያለው በእጅ ሻንጣ ከ350 ሚሊ ሊትር መብለጥ የለበትም። የምግብ ዱቄት ይህ ገደብ ባይነካውም ማስከፈቱ አይቀርምና በርበሬና ሽሮ በሚጫነው ሻንጣ ይሂዱ። ፓወር ባንክና ትርፍ ባትሪ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ ከእጅ ሻንጣ ውጭ ፈጽሞ አይቀመጥም፤ ከተጫነው ዕቃ ውስጥ እሳት ቢነሳ የሚያጠፋው ሰው የለምና።

የራሳችሁን መድኃኒት ከነካርቶኑና ከሐኪም ደብዳቤ ጋር በእጃችሁ ያዙ። ኢንሱሊንና የመሳሰለው ከ100 ሚሊ ሊትር ቢበልጥም አስቀድማችሁ ከተናገራችሁ ያልፋል። 10,000 የአውስትራሊያ ዶላርና ከዚያ በላይ ጥሬ ገንዘብ የያዘ ሲወጣም ሲገባም ማስመዝገብ አለበት። ቀበቶ፣ ሳንቲም፣ ቁልፍና የአንገት መስቀል ሰልፉ ላይ ሳትደርሱ ወደ ቦርሳ ይግቡ። ሻሽ የጠመጠሙ እናቶች ሰውነታቸው መዳሰስ ካለበት ሴት ፈታሽና ገለል ያለ ክፍል መጠየቅ መብታቸው ነው። ደግሞ በእግዚአብሔር፣ ስለ ቦምብ ቀልድ የሚባል ነገር አይታሰብ።

ስንመለስ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። የአውስትራሊያ ኳራንቲን በምግብና በዘር ላይ ቀልድ አያውቅም። ቋንጣ አይገባም፤ በቅቤና በጥሬ እህልም ብዙ ጣጣ አለ፤ ጫትን ለግል መጠቀሚያ ማስገባት ክልክል ነው። ይሁን እንጂ በመግቢያው ቅጽ ላይ ምግብ ይዣለሁ ብሎ የሞላ ሰው፣ ዕቃው ቢወሰድበት እንኳ ስለያዘው አይቀጣም። የደበቀ ግን በሺህ የሚቆጠር ዶላር ይከፍላል። እውነቱን ተናግሮ የመሸበት ማደር ነው።

«እኛን ብቻ ነው ነጥለው የሚፈትሹን» የሚል ቅሬታ ኒኮልሰን ጎዳና ላይ ሁልጊዜ ይሰማል። በዚህ ጉዞ እኔም ሦስት ጊዜ ገለል ተደርጌ በጨርቅ እጄንና ቦርሳዬን ጠርገውኛል። «በዕጣ ነው» ይላሉ፤ ዕጣው ለምን እኔ ላይ እንደሚበዛ ግን አይነግሩኝም። ደሜ ይፈላል፤ አልዋሽም። ነገር ግን አንድ ታሪክ ትዝ ሲለኝ ቁጣዬ ግማሽ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. ኅዳር 23 ቀን 1996፣ በኛ ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ሦስት ወጣት ኢትዮጵያውያን ጠለፉት። ወዴት ውሰደን እንዳሉ ታስታውሳላችሁ? ወደ አውስትራሊያ። እኛ ወደምንኖርበት ወደዚህ አገር! ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ አያደርስም ቢላቸው አላመኑትም። ነዳጁ አለቀና አውሮፕላኑ ኮሞሮስ ደሴት አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀ። ከ175 ሰው 125ቱ ሞቱ። በእጃቸው የነበረው ከዚያው ከአውሮፕላኑ የነጠቁት መጥረቢያና የእሳት ማጥፊያ ነው፤ ቦምብ ነው ብለው ያስፈራሩበት ተሸፋፍኖ የያዙት ነገር ደግሞ የመጠጥ ጠርሙስ እንደነበር ኋላ ታወቀ። ስለዚህ አንድ ፈታሽ ጠርሙሴን አንስቶ ሲያገላብጥ፣ ክብሬ ቢነካም፣ ኮሞሮስ ላይ የቀሩትን ወገኖቼን አስባለሁ። ነጥሎ መፈተሽ ግን ይህ ሰበብ ሊሆነው አይገባም፤ በትሕትናና በእኩልነት ፈትሹን ማለታችንን አንተውም።

የእትዬን ነገር ልጨርስላችሁ። ብልቃጡን ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። እኔ ሹራቡን፣ ጫማውን፣ ደብዳቤውንና የመድኃኒት መግዣ ገንዘብ ያዝኩ። አዲስ አበባ የእህታቸው ልጅ የሐኪም ማዘዣ ይዞ መጣ፤ አብረን ዞረን ሦስተኛው ፋርማሲ ላይ መድኃኒቱን አገኘነው። ሰው በአካል ሄዶ ሳይፈልግ «እዚያ የለም» የሚባለው ሁሉ እውነት አይደለም።

ከተመለስኩ በኋላ እትዬ ለሦስት ሳምንት ያህል ሰላምታቸው የበረደ ነበር። ባለፈው እሑድ ግን ከቅዳሴ በኋላ ቆመው ሲጠብቁ አየኋቸው። እኔን አልነበረም የሚጠብቁት፤ ወደ አገር ቤት የምትሄድ አንዲት ወጣት ነበር። በእጃቸው ፕላስተር የሌለው ካርቶን ይዘዋል፤ ላዩ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ዝርዝር አለ። ካርቶኑን ሲሰጧት በዓይናቸው ጠርዝ ወደ እኔ እያዩ «ልጄ፣ ክፈችና እይው፤ ከዚያ ራስሽ ሸክፊው» አሏት።

ለሳምንቱ ያድርሰን።